ቆላ የወረዱት ሁለት ባትሪዎች

ኅዳር 3 ቀን 1956፣ ደብረ ብርሃን

ውርጭ። ጠዋት የአንድ ጭነት መኪና ዲናሞ ስፈታ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ከሰዓት በኋላ የጤና ቡድኑ ሾፌር ይሁኔ ላንድሮቨሩን ይዞ መጣ። ከአንኮበር በታች ቆላ ወርደው፣ ድንኳን ተክለው ሊሰነብቱ ነው። መብራት ይፈልጋሉ።

«አያ፣ ካለው ባትሪ ላይ አንድ አምፑል ይቀጥሉልን፣ ይበቃናል።»

አይበቃም። ሲያበራ ያመሸ ባትሪ ጠዋት ሞተር አያስነሣም። አንድ ለሞተር፣ አንድ ለድንኳን። አለዚያ አልነካውም አልኩት።

«ከእርስዎ ጋር ከመከራከር ከአንኮበር ገደል ጋር መከራከር ይሻላል። ገደሉ እንኳ መውረጃ አለው።»

አብራ የምትወርደው ነርስ ልጄ እናናየሁ ናት። ስለዚህ ሁለት ባትሪ።

ኅዳር 8

ሳጥኑ አለቀ። ከኋላ ወንበር ሥር በጠፍር አሰርኩት። ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኝ መቀየሪያም ገባ። ሞተር ሲሠራ ይገናኛሉ፣ ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላል። ሞተር ሲቆም ይለያያሉ።

እናናየሁ መጣች። «አባዬ፣ ለእኔም ያሳዩኝ።»

«ለይሁኔ አሳይቻለሁ።»

«ይሁኔ ቢታመምስ?»

«አንቺ ሕፃን ተቀበይ። ሽቦ የወንድ ሥራ ነው።»

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ቃል ማሳጠሯን ከእኔ ነው የወረሰችው።

ኅዳር 11

ሄዱ። ለይሁኔ በጠርሙስ የዝናብ ውሃ ሰጠሁት። «በሙቀት ባትሪው ውሃ ይጎድለዋል። ከዚህ ትሞላለህ። ከሌላ አይሆንም።» ባለቤቴ ወለተ ጊዮርጊስ ደግሞ ለመንገዳቸው ጸበል በቅል ሰጠቻቸው። እናናየሁ ጉልበቴን ስማ ወጣች። ቀና ብላ አላየችኝም።

ኅዳር 13

ሽቦው በሹል ብረት ጥግ ያልፋል። ቆዳ ጠቅልዬበታለሁ... ጠቅልዬበታለሁ? ፊውዙስ?

ወለተ ጊዮርጊስ «ምነው እህል አልወርድ አለህ?» አለች።

«ጾም ነው» አልኳት። ጾሙ ገና አልገባም። አልሳቀችም።

ኅዳር 19

ወሬ የለም።

ኅዳር 24

በቅሎ ነጋዴው ወልደአረጋይ ከቆላው፣ ከአልዩ አምባ ገበያ ሲመለስ ደጄ ቆመ። ፊቱን አልወደድኩትም።

«መኪናቸው አልነሣ ብሏል፣ አያ። ቢገፉትም እምቢ። ልጅዎን ንዳድ ይዟታል። ሐኪም ቤት እንዳያደርሷት...»

«በበቅሎ አትወጣም?»

«ቁጭ ማለትም አልቻለች።»

ሁለቱም ባትሪዎች አንድ ላይ አይሞቱም። ለያይቻቸዋለሁ። በእጅ መዘወሪያው፣ በማኒቬላ፣ ቢያዞሩትም ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ካንዴላው እሳት አይሰጥም። እኔ ያሰርኩት ነገር ይሆን ያስቀራት? ሌላ ምን ይሆናል...

ኅዳር 25፣ አንኮበር

እስከዚህ በጭነት መኪና መጣሁ። ሁለት የተሞሉ ባትሪዎች በወልደአረጋይ በቅሎ ግራና ቀኝ፣ በጭድ ጠቅልዬ ጫንኩ። ነገ ቁልቁለቱን እንጀምራለን።

«እርስዎ በሌላዋ በቅሎ ይቀመጡ እንጂ፣ አያ።»

አልቀመጥም። ባትሪ ሲያዘነብል አሲዱ ይፈስሳል። አጠገቡ ሆኖ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል።

ትተነፍስ ይሆን?

ኅዳር 26፣ ድንኳኑ አጠገብ

በሕይወት አለች። እንደ ምጣድ ትፋጃለች። አወቀችኝ።

የባትሪውን ክዳን ከፈትኩ። ውስጡ ዝገት መስሏል። ሁለቱም እንዲያው። ይሁኔን ጠራሁት።

«የሰጡኝ ጠርሙስ ቁልቁለቱ ላይ ተሰበረ፣ አያ። ውሃው ጎደለ። የወንዙን ደፍርሶ አየሁት፣ ፈራሁ። እማማ የሰጡን ጸበል ነበር... ከሱ የሚሻል ከየት ላምጣ?»

አማትቦ፣ ለሁለቱም እኩል አከፋፍሎ ጨመረ። የዚያ ጸበል ምንጭ ውሃ ብረት ብረት ይላል። ለሰው መድኃኒት ነው። የባትሪን ጉልበት ግን ብረት በዝምታ ይመጠዋል።

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ምን ልበለው? ከሌላ አይሆንም ብዬዋለሁ እንጂ ለምን እንደማይሆን መቼ ነገርኩት? እናናየሁንስ ላሳይሽ ብላት ኖሮ...

አዲሶቹን አሰርኩ። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። ከኋላ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ወጣን። ይሁኔ በየመታጠፊያው ያየኛል። «መንገዱን እይ» አልኩት።

ኅዳር 30

ትኩሳቱ ለቀቃት። ሾርባ ጠጣች። እኔም በላሁ።

ታኅሣሥ 15

ተመልሳ ልትወርድ ነው። አትሄጂም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ጠዋት እሷንና ይሁኔን ሱቄ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። የዝናብ ውሃ ለምን፣ የምንጭ ውሃ ለምን አይሆንም፣ መቀየሪያው ለምን... ጉሮሮዬ እስኪደርቅ። ይሁኔ «አያ ዛሬስ የዓመት ቃልዎን ጨረሱት» አለኝ።

ከዚያ የአሲድ መለኪያውን እጇ ላይ አስቀመጥኩ። ከባትሪው ቀዳዳዎች አሲዱን በየተራ ሳበች፣ ወደ ብርሃኑ አነሣች፣ ግንባሯን ቋጠረች።

«ሦስተኛው ደክሟል፣ አባዬ። ይህን ባትሪ አንወስደውም።»

ደግሜ ልለካ እጄን ዘረጋሁ። መለስኩት። ከመደርደሪያው ሌላ አወረድኩላት።