ሐኪሙ ነርሷን የጠራ ዕለት

ልጄ እምነት፣ ያለሽበት አገር ሰው ሁሉ ዘመድ ይሁንልሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽ የቱሉ ዲምቱን ታክሲ ግፊያ እያማረረ ይኖራል።

ጡቴ ላይ እብጠት ካገኘሁ ሦስት ወር አልፎኝ ነበር። ወንድ ሐኪም እንዳያየኝ አፍሬ ደበቅኩት። ባለፈው ማክሰኞ ግን ጨክኜ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ያንቺ እኩያ ነው። ገና ልብሴን ሳላወልቅ «እናቴ፣ ሴት ነርስ አብራን ትሁን?» አለኝ።

«ምነው ልጄ፣ ክፉ ነገር አለብኝ?» ብዬ ደነገጥኩ።

«የለም፣ እርስዎ እንዳይሳቀቁ ብዬ ነው።»

ነርሷ ስትገባ የጎረቤታችን የደርዊሽ ልጅ ዩምና ናት፤ እጄን ይዛ ስታስቀኝ ምርመራው አለቀ። አልትራሳውንድ ተነስቼም ውሃ የቋጠረ ነው፣ አያሰጋም ተባልኩ።

አንቺም ሐኪም ፊት መቅረብ የምትፈሪው በኔ ወጥተሽ ነው። «ሴት አብራኝ ትሁን» በይና ተመርመሪልኝ፤ ነውር የለውም። እመብርሃን ከጎንሽ አትለይ።

እናትሽ ፈለቀች