ዘይት ያልበገረው ልባስ

ለተከበርከው ወንድሜ፣

ጉልበትህ እንዴት ነው? የባለቤትህስ ዓይን ተሻለው? እናታችን እህል ትቀምሳለች? የትንሿ ልጅህ የእጅ ጽሕፈት ተስተካከለ ወይስ ፊደሎቿ አሁንም እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳሉ? እኔ ከግራ እግሬ በቀር ደህና ነኝ። ትልቋ ልጅህም ደህና ናት፤ ከደህናም በላይ ናት።

ባለፈው ደብዳቤህ «እስከ ወሩ መጨረሻ ቋሚ ሠራተኛ ካላደረጓት አሳፍረሽ ላኪልኝ» ብለህ ነበር። መልሴ የዘገየው እርግጡን ይዤ ልጽፍልህ ብዬ ነው፤ ትንሽም ተቀይሜሃለሁ።

ልጅህ በምትሠራበት የዘይት መጭመቂያ ከበርሜል በርሜል የሚጎተት ፓምፕ አለ። የኤሌክትሪክ ገመዱ ቀኑን ሙሉ ዘይት በፈሰሰበት ወለል ላይ ይንፏቀቃል። የገመዱ የውጭ ልባስ አብጦ ተሰነጠቀና አንዷን ሠራተኛ ኤሌክትሪክ ያዛት፤ ለጥቂት ተረፈች። ሥራ አስኪያጁ የኤሌክትሪክ ጥገናውን የምትሠራውን ልጅህን ጠርቶ «አዲሱን ገመድ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንቺ ምረጪ፤ እሱም ከተበላሸ እዚህ መቆየትሽን እርሺው» አላት። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ግን ያንኑ ተራ ጎማ የለበሰውን ሊገዛ ተነሥቷል። «ለስላሳ ነው፣ ይተጣጠፋል፣ ምን ጎደለው?» ይላል።

እኔ ደግሞ በገመድ ፋብሪካ ሃያ ስምንት ዓመት ተቆጣጣሪ የነበርኩ ሰው ነኝ። ለፀሐይ የሚሆን ልባስ ለዘይት እንደማይሆን አውቃለሁ፤ አውቃለሁ ማለት ግን ማስረጃ አይደለም። ሦስት ቁራጭ አስመጣን፤ ተራ ጎማ፣ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ፣ ሦስተኛው ዘይት አይበግረውም የሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ። ሦስቱም ጥቁር ናቸው። ለእያንዳንዱ ልክክ ብሎ የሚያልፍበት፣ ካበጠ ግን የማያልፍበት የብረት ቀለበት አዘጋጀሁና በሦስት ጠርሙስ ዘይት ነክረን ማሞቂያው ክፍል ውስጥ አስቀመጥናቸው።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። በጠርሙሶቹ ላይ ስማቸውን በወረቀት፣ በቀለም፣ አሳምሬ ጽፌ ለጠፍኩ። በሦስተኛው ቀን ዘይቱ ቀለሙንም ወረቀቱንም በልቶት አገኘሁ! ልጅህ «አክስቴ፣ ያበጠው ጎማው ነው፤ ያስታውቃል እኮ» አለች። «ያስታውቃል ተብሎ ሪፖርት አይጻፍም» ብዬ ሁሉንም ደፋሁት። በክር ቋጠሮ ምልክት አድርገን እንደገና ጀመርን። ሥራ አስኪያጁ የሰጠን ጊዜ ሊያልቅ ነው፤ ልጅቷ ጥፍሯን ትበላለች። የግምጃ ቤቱ ኃላፊም ባለፈ ቁጥር «እማማ፣ ገመዱ ገና አልበሰለም እንዴ? ጨው አንሶት እንዳይሆን!» ይለኛል። «ሲበስል መጀመሪያ የምትቀምሰው አንተ ነህ» አልኩት።

ሳምንት ሞላና ሥራ አስኪያጁ ፊት አወጣናቸው። ፒቪሲው በቀለበቱ አለፈ፤ ልጅህ ግን ቧንቧ ላይ ብትጠመዝዘው ቀጭ አለ፤ የሞቀው ዘይት ልስላሴውን መጦታል። ጎማውን ለግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሰጠሁትና «አሳልፈው» አልኩት። ገፋ፣ አላበው፣ ፊቱ ቀላ፤ ልባሱ ተገሽልጦ እጁ ላይ ቀረ። «አላለፈም?» ስለው «እማማ፣ ይብቃዎት» አለኝ። ሦስተኛው ሰተት ብሎ አለፈ፤ ቢያጥፉት ቢዘረጉት ያው ነው።

ገመዱ ተገዛና ተገጠመ። ያቺ ኤሌክትሪክ የያዛት ሠራተኛ ግን ፓምፑን አልነካም አለች። ልጅህ ሞተሩ እየሠራ ገመዱን በእጇ አንሥታ ቆመች። ሴትዮዋም አየቻትና «አንቺ ከያዝሽውማ እኔም እጎትታለሁ» ብላ ጎተተችው። ወንድሜ፣ ያን ጊዜ አንተ ብታያት ኖሮ!

ዛሬ የቋሚነት ደብዳቤዋ ወጣ፤ የኤሌክትሪክ ክፍሉ ኃላፊ ይላል፣ ማኅተም አለበት። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንድ የፊደል ግድፈት ቢኖርበትም ይቅር ብያለሁ።

እንግዲህ የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ። ባለቤትህን የዓይን መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ እኅቴ ብላለች በላት። ለትንሿም ንገራት፤ የእኅቷ ክፍል ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ነው። አልጋውን ወደ መስኮቱ ታስጠጋ።

ታላቅ እኅትህ
ከዘይት መጭመቂያው ፊት ለፊት ካለው ቤት
ሰኞ፣ የካቲት ፱ ቀን