በር ያስዘጋን ገቢ

ለተከበሩ የእድራችን ሊቀመንበር ለአቶ ሩፋኤል
ጅቡቲ ከተማ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

በዚህ ድንጋይ በሚያቀልጥ የነሐሴ ሙቀት ከነቤተሰብዎ በደህና እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ፤ ማራገቢያዎ አይቁም፣ መብራትዎም አይጥፋ። እኔ ወርቅነሽ፣ የካርቲየ 5 ሰፈር ነዋሪና የእድርዎ አባል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ መቀመጥ አቃተኝ እንጂ። ይህንንም የምጽፍልዎ አንዴ እየተቀመጥኩ አንዴ እየተነሳሁ ነው። ሐሙስ እየቀረበብኝ ነው፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

በቅድሚያ ምስጋና ይድረስዎ። መብራት፣ ውሃና ስልክ ወደድንም ጠላንም በየወሩ የምንከፍልባቸው መሆናቸውን፣ ሂሳቡን እርስዎ ወኪል በሆኑለት ኩባንያ በኩል ከከፈልንና ሦስት ሦስት ሰው ካስመዘገብን ግን ከእነሱ ክፍያ ላይ ዕድሜ ልካችንን ቁጭ ብለን እንደምንበላ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ያስተማሩንም ወይዘሮ ፋናዬ ያረፉ ጊዜ፣ በሠልስታቸው ድንኳን ውስጥ፣ ልጆቻቸውን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ባሉበት አፍ ነበር። ልጆቹም እንባቸውን እየጠረጉ ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ፤ የእድር ሊቀመንበር እስክሪብቶ ዘርግቶ ቆሞ እምቢ እንዴት ይባላል?

ቅሬታዎቼን እንደ ወጉ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሦስት ሰው ፍለጋ እርስ በርሳችን ስንታደን ከረምን። ዘመድ አልቀረ፣ የክርስትና አባት አልቀረ። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ሀዊማ አሠሪዎቿን ተመዝገቡልኝ እያለች ስትጨቀጭቅ ከእንጀራዋ ልትባረር ምንም አልቀራት። በመጨረሻ ሰው ሁሉ በር ሲንኳኳ ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኝቶ፣ ልጆቹን አፍኖ፣ ቤት የሌለ መምሰል ለመደ።

፪ኛ. እንደሚያውቁት፣ ይቅርታ፣ እንደማያውቁት፣ ባለፈው ወር ባለቤቴ ጸሐዬ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ፎቅ ላይ ባለው ክፍላችን ውስጥ በቀትር ወደቀ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ተሸክሞ የሚያወርደው ሰው ያስፈልግ ነበር። እድር ለዚህ አይደል? በሰፈሩ ያሉ አባሎቻችንን በር አንድ በአንድ አንኳኳሁ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። አንዱ ብቻ ከውስጥ ሆኖ መለሰልኝ፤ «እኛ ተመዝግበናል!» ባሌ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ብጮህም አላመነኝም፤ ለካ ከእኔ በፊት የመጣው አባል እናቴ ታመመች ብሎ አስከፍቶት ነው ያስፈረመው። ስላላመነኝ አልፈርድበትም። ጸሐዬን በብርድ ልብስ ተሸክመው ያወረዱልኝ ሶማሊዋ ጎረቤቴ ናዒማና ወንድሞቿ ናቸው፤ የእድራችን አባል ስላልሆኑ፣ በር ሲንኳኳ እንደ ድሮው ይከፍታሉ።

፫ኛ. ጸሐዬ ተርፏል፣ ተኝቷል። ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ በላዩ ላይ ይዞራል፤ እሱ በዞረ ቁጥር የመብራቱ ሂሳብ ይጨምራል፣ ከሂሳቡም የእርስዎ ድርሻ ይደርስዎታል። ባሌ ተኝቶም ስለሚያበላዎ እንኳን ደስ አለዎ።

አሁን ወደ ሐሙስ ልምጣ። ሐሙስ ጠዋት ሐኪሙ ቀጥሮታል። ናዒማና ወንድሞቿ ለሠርግ ወደ አሊ ሳቢህ ሄደዋል። በመሆኑም ክቡርነትዎ ጉልበት ያላቸው አባላት ልከው ባለቤቴን ከፎቅ እንዲያስወርዱልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ከገቢው ምንም አልፈልግም፤ የእኔም ድርሻ ካለ ይውሰዱት። ሰው ብቻ ይስጡኝ። ፈርቻለሁ፣ አቶ ሩፋኤል።

በእድሩ መዝገብ እህትዎ፣ በኩባንያው መዝገብ ከእርስዎ በታች የተሰለፍኩ፣ በሁለቱም አክባሪዎ፣

ወርቅነሽ፣ የጸሐዬ ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ስምዎን ለማጉደፍ አይደለም። ትናንት በእጅዎ ላስረክብዎ ደጅዎ ድረስ መጥቼ አንኳኩቼ ነበር። ቴሌቪዥንዎ ወዲያው ዝም አለ።