በምሳሌነት ያነሣኋት አስቴር

ሐሙስ፣ ጥር 14

ዛሬ በዩኒቨርሲቲው የሠራተኞች ስብሰባ ስለ መከባበር ስንወያይ እጄን አወጣሁ። «እኛ አገር ገረሴ፣ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ጋር አብሮ መብላት ነውር ነበር» አልኩ። «ይኸው ዛሬ እኔና አስቴር በየቀኑ ከአንድ ትሪ እንበላለን።» ተጨበጨበልኝ።

አስቴር ሬጅስትራር ቢሮ አብራኝ መሥራት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። ያገሬ ልጅ ስለሆነች ቤተሰቧ ሸክላ ሠሪ መሆኑን አውቃለሁ። ሌሎቹ ግን አያውቁም ነበር። ይህ ትዝ ያለኝ ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ነው።

ምሳ ላይ ወደ ሠራተኞች ክበብ አልመጣችም። ሁልጊዜ «አስቱ፣ ሳታጎርሽኝ አልነሣም» እያለ የሚያስቸግራት ባልደረባችን ታምሩ ባዶ ወንበሯን አየና «ጋሼ፣ እኔ እኮ አላውቅም ነበር» አለኝ።

ቢሮ ተመልሼ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር ከፋይሉ ቀና አላለችም። «ጋሼ፣ እኔ እዚህ አስቴር ብቻ ነበርኩ» አለች።

ነገ በሰው ሁሉ ፊት ላጎርሳት አስቤ ነበር። ሁለተኛ ጭብጨባ ፍለጋ መሰለኝና ተውኩት። ትመጣ ይሆን? ብትመጣስ ታምሩ እጁን ወደ ትሪው ይሰድ ይሆን? አስተናጋጇ «ለስንት ሰው ላቅርብ?» ስትለኝ ምን እንደምላት አላውቅም።