አባዬ የቀባው ዳዶ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለናፍቆቴ፣ ለአባዬ፣

እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ ደህና ነን፤ አሁንማ ከልቤ ነው የምልህ። ባለፈው ስትደውል ዝም ያልኩት እማዬ ዓይኗን አፍጥጣብኝ ስለነበር ነው።

የመኪናው ፍሬን እምቢ ብሎ ነበር። አትደንግጥ፣ ማንም አልተጎዳም። እማዬ የሰርቪሱን ልጆች ትምህርት ቤት አድርሳ ባዶውን ስትመለስ ፔዳሉ ወለል ድረስ ሰመጠባት። የእጅ ፍሬኑን እየጎተተች የአሸዋ ክምር ላይ አቆመችው። ለካ ወደ ኋላው ፍሬን ዘይት የሚወስደው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ዘይቱ አልቋል። «ሁለተኛ አልነዳውም!» ብላ ቁልፉን ወረወረችልኝ። የልጆቹ ወላጆች ደግሞ «እስከ ሰኞ እንጠብቃለን፣ ካልሆነ ሌላ ሰርቪስ እንይዛለን» አሉ። ያ ሥራ ከሄደ የቤቱ ወጪ ሁሉ አንተ ላይ ይወድቅና ከሰው አገር የምትመጣበት ቀን አንድ ዓመት ሊገፋ ነው።

አዲስ ቱቦ መግዛቱ ቀላል ነበር። ጣጣው አሮጌውን መፍታት ነው። የጎማውን ቱቦ ከብረቱ ቧንቧ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ዳዶ ከቧንቧው ጋር ተጣብቆ አንድ አካል ሆኗል፤ ዳዶውን ስታዞረው ቧንቧው አብሮ ይጠመዘዛል። ከተበጠሰ አለቀ፣ ምትኩ ታዝዞ እስኪመጣ ሰኞ ያልፋል። የሰፈራችን መካኒክ ጎንበስ ብሎ አየና «ቁረጪው። ወይም ዲግሪሽን አምጪና እሱ ይፍታልሽ» አለኝ።

«ዲግሪዬን ቢሮዎቹ ሁሉ አይተው መልሰውታል፤ እስቲ አንተ ሞክረው» አልኩት። ሳቀ፤ መፍቻዎቹንም አዋሰኝ።

ከሥር ገብቼ ሳየው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ብርማ ቀለም! አባዬ፣ የግቢውን በር፣ ወንበሩን፣ የውሃ በርሜሉን ቀብተህ የተረፈውን «እንዳይዝግ» ብለህ መኪናው ሆድ ላይ ደፋኸው? ዳዶዎቹን እኮ አሽገሃቸዋል! ለእማዬ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ፔዳሉ ከሰመጠባት ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው።

ቀለሙን በቲነር አለስልሼ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩት፤ ዝገት የሚያስለቅቀውን ዘይት አጠጥቼም አሳደርኩት። ቅዳሜ ልጀምር ስል ግን ሦስተኛ እጅ አነሰኝ። አንዱ መፍቻ ቱቦውን ይይዛል፣ አንዱ ዳዶውን ያዞራል፤ ቧንቧው ሲጠመዘዝ ማን ይንገረኝ? መኪናውን በዓይኔ አላይም ያለችው እማዬ ሻርፗን ጠምጥማ ጎኔ ተጋደመች።

«ቧንቧውን በጣቶችሽ ያዢው። ከዞረ ንገሪኝ» አልኳት።

መጀመሪያ ትንሽ አጠበቅኩት፤ የያዘው ዝገት የሚላቀቀው እንዲያ ነው። ከዚያ ወደ መፍታቱ።

«ቁሚ! ቁሚ አልኩሽ፣ ዞረ!»

ቆምኩ። ዘይት ጠብ አደረግኩበት። ወደዚህ ፀጉር ታህል፣ ወደዚያ ፀጉር ታህል። እሷ «አሁን ያዘ... አሁን ለቀቀ... ቀስ በይ አንቺ ልጅ፣ እንደ አባትሽ አትቸኩዪ!» ትለኛለች። ክንዴ ዝሎ ልተወው ስል ዳዶው ቋ! አለ።

«ሰበርሽው?» አለች።

«ቧንቧው ዞረ?»

«አልዞረም።»

«እንግዲያው ተፈታ፣ እማዬ! ተፈታ!»

ዘይቱ ፊታችን ላይ እየተንጠባጠበ እዚያው ተቃቀፍን።

አዲሱን ቱቦ ገጥመን፣ ዘይት ሞልተን ከውስጡ አየሩን ስናስወጣ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። መካኒኩም ነድቶ ሞከረውና «አሁን የፈለጋችሁበት ቦታ ይቆማል» አለን። እኔ ደግሞ ሐሙስ ለሥራ ፈተና ተጠርቻለሁ። ጥፍሬ ውስጥ ያለው ጥቁር እስከዚያ ካልለቀቀ እንደ ማስረጃ አሳያቸዋለሁ!

ዛሬ ጠዋት እማዬ «ልጆቹን ሳልጭን አንዴ አብረሽኝ ዙሪ» አለችኝ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ያዘች፤ ቆመ። ደግማ ያዘች፤ ቆመ። ትንፋሿን ስትለቅ ሰማኋት። የተቀመጥኩበት የአንተ ወንበር ለእግርህ ብለህ ወደ ኋላ እንደገፋኸው ነው። ላስጠጋው እጄን ስሰድ «ተይው፣ እንዳለ ይሁን» አለችኝና ወደ ልጆቹ ነዳች።

ጤናህን አብዝቶ ይስጥህ፤ የቀረህን ጊዜ ያሳጥርልን።

እጇ ገና ያልጠራው መሐንዲስ ልጅህ