ጉልበት ጨምረው ስላከበዱልን ቀላል መኪና

ለተከበሩ አቶ ምንዋጋው
የሰቆጣ ወጣቶች ፈጠራ ማበረታቻ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ዐይንዎ፣ ይልቁንም በየአዳራሹ ያለ ማጉያ የሚሰማው ድምፅዎ ደኅና እንዲሆንልን የዘወትር ምኞታችን ነው። እኛ ነዋሪዎች፣ ትኩረትዎ ካረፈባት ከአንዲት መኪና በቀር፣ ሁላችንም ደኅና ነን።

በአደባባይ የምጽፈው ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ነው። ስብሰባው እኛን ስለማገልገል እንደሆነ ጸሐፊዎ ነግራኝ ተጽናንቼ ተመልሻለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ዮርዳኖስና ተስፋው የሚባሉ ሁለት የብየዳ ሠልጣኞች ከቀጭን የቱቦ ብረትና ከአንድ የሞተር ሳይክል ሞተር፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ለመሬት የቀረበች የውድድር መኪና ሠሩ። ጉልበቷ ትንሽ ነበር። ሆኖም በመጠምዘዣው ላይ ትልልቆቹ መኪኖች ፍሬን ሲይዙ እሷ ሳትቀንስ ትታጠፋለች፤ ወደ አበርገሌ በሚወስደው መንገድ ወንዙ መሻገሪያውን ሲቆርጠው ደግሞ አራት ሰው አንሥቶ ያሻግራታል። በኅዳር በሚደረገው ውድድር ጠመዝማዛውን መንገድ ቀድሞ ለሚጨርስ ቡድን የራሱ መሥሪያ ሼድ ይሰጠዋል። ዮርዳኖስ እዚሁ ሰቆጣ ሠርታ ለመኖር ያላት ተስፋ ያ ሼድ ነው። እርስዎ የደረሱላት እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው።

አንደኛ፤ በሻደይ በዓል ሰሞን መኪናዋ በአደባባይ ስታልፍ ድምፅዋ ከልጃገረዶቹ ከበሮ በላይ አለመሰማቱን አስተውለው «ይህቺ ጉልበት የላትም» ብለው ስለወሰኑልን እናመሰግናለን። መኪናን በጆሮው የሚመዝን ሰብሳቢ ሁሉም ከተማ አያገኝም።

ሁለተኛ፤ ከተገለበጠ ፒካፕ የተነቀለ ሞተር ስላስገጠሙልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሞተሩ ሲቀመጥ አፍንጫዋ መሬት ነካ። እሱን ለመሸከም ወፍራም ብረት ተበየደ፤ ብረቱን ለመሸከም ትልልቅ ጎማ ገባ፤ ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ራዲያተር፣ ለመቀለብ ትልቅ የነዳጅ ታንክ ተጨመረ፤ ለታንኩ ቦታ ሲጠፋ የተሳፋሪው ወንበር ተነቀለ። ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው ሥራውን ሲከታተሉ የከረሙት እትዬ አልጣሽ «አንቺ ዮርዳኖስ፣ ይቺ መኪናሽ አረገዘች እንዴ? አባቱስ ታውቋል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ወደ ብየዳዋ የተመለሰችው ስምዎን ላለማንሣት መሆኑን እንዲያውቁላት እወዳለሁ።

ሦስተኛ፤ አሁን በቀጥታ መንገድ ላይ በእውነት እንደምትሮጥ አልክድም። ችግሩ ከከተማችን የሚወጣው ቀጥታ መንገድ ከእርስዎ የመክፈቻ ንግግር ማጠሩ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መጠምዘዣ ይመጣል፤ መሪው ወደ ግራ ሲዞር አፍንጫዋ ወደ ገደሉ ትሄዳለች። ባለፈው ሳምንት ወንዙ ውስጥ ስትቀር ሊያግዙ የመጡ አንድ የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ትከሻቸውን ቢያስጠጉ አልነቃነቅ ስትላቸው «ኸረ ልጆች፣ ይችን ክረምት ሲገባ ከነነጂዋ አንሥተን አሻግረናት አልነበር? ምን አብልታችኋት ነው?» አሉ። የወጣችው በበሬዎቻቸው ተጎትታ ነው። የአዲሱን ሞተር የፈረስ ጉልበት በሪፖርትዎ ሲጠቅሱ የበሬዎቹን ድርሻ እንዳይዘነጉ በአክብሮት አሳስባለሁ።

አራተኛ፤ ዮርዳኖስ ጉልበት የምትጠላ ልጅ አይደለችም። አስቀድማ የጠየቀችው የተሻለ ካርቡሬተርና ለዳገት የሚስማማ የማርሽ ጥርስ ለውጥ ነበር፤ መኪናዋን ሳያከብድ የሚያበረታ ነገር ማለት ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ሪባን ተቆርጦ ስለማይመረቅ መከልከልዎ ይገባናል።

አምስተኛ፤ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ባለፈው ማክሰኞ ሰብስበውን «አሁንም ጉልበት አንሷት ነው» በማለት የጭነት መኪና ሞተር እንዲገጠምላት ሲወስኑ፣ እኔም ከሌሎቹ ጋር አጨብጭቤያለሁ። ጉልበቷን የሚሸከም ጉልበት፣ ያንንም የሚሸከም ሌላ ጉልበት እየተጨመረ ሲሄድ መጨረሻ ላይ የምናገኘው መኪና የሌለው ሞተር ነው። ከዚያ ሳንደርስ ትንሿን ሞተር ቢመልሱላት፣ ልጆቹ ከውድድሩ በፊት መኪናዋን ወደ ነበረችበት ለመመለስ ገና ጊዜ አላቸው። ለእርስዎ ከዚህ የሚቀል ሥራ ሊኖር አይችልም፤ ምንም ነገር መጨመር አይጠይቅም።

የነኩት ነገር ሁሉ እንዲከብድ ለማድረግ ለተሰጠዎት ልዩ ችሎታ ያለኝን አድናቆት ዝቅ ብዬ እየገለጽኩ፣ ለሚቀጥለው ሹመትዎም ከከተማችን ራቅ ያለ፣ መንገዱም ሜዳ የሆነ ሥፍራ እንዲገጥምዎ ከልቤ እየተመኘሁ፣ በጭቃ ከተነከረ ሱሪዬ ጋር እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣ መኪናዋን ከወንዙ ለማውጣት ከገፉት አንዱ፣
ይሄይስ ኪዳኑ
ሰቆጣ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ፈርሜ ሳበቃ ዮርዳኖስ ልትሰናበተኝ መጣች። ወልዲያ ያለ አንድ ጋራዥ ቀጥሯታል፤ ሼዱን ከእንግዲህ ለሚፈልገው ይስጡት። በአዲሱ ሞተር ምረቃ ዕለት መኪናዋን ራስዎ ነድተው ቁልቁለቱን እንደሚወርዱ መስማቷን ነግራኝ፣ አንድ ነገር እንዳደርስልዎ አደራ ብላኛለች፤ ሞተሩ ሲቀየር ፍሬኑ አልተቀየረም፣ ዛሬም ያው የሞተር ሳይክሉ ነው። እኔ ብሆን አልነግርዎትም ነበር። እሷ ግን ደግ ልጅ ናት።