የፈይሳ ብረት

ጥቅምት 6፣ ጠዋት
ሞተሩ ተነሳ። የጠርዝ ማውጫ ማሽኑ ዘንግም አብሮ ይዞራል፣ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይነካው። ከሞተሩ የሚያገናኘው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ረግቦ እየጎተተው ነው፤ አውቃለሁ። ግን ጸጉሬ ቆመ።

የኦቦ ፈይሳ ባርኔጣ አሁንም ምስማሩ ላይ። የሚያወርደው ጠፋ። ይህን ማሽን ያስተማረኝ እሱ ነው። ከክረምቱ በፊት እዚሁ ማሽን ላይ ሞተ። አሁን ተራው የእኔ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው፣ ደብተሬ።

ጋሽ ሸምሱ፣ የእንጨት ሥራ ቤታችን ባለቤት፣ ትእዛዝ ይዞ መጣ። ለአኖ ከተማ ቤተ ክርስቲያን የመድረክ ጠርዝ፣ ከዋንዛ፣ ሁሉም ግማሽ ክብ። ቶሎ ይፈለጋል። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ጥቅምት 7፣ ከምሳ በኋላ
በቁራጭ ሞከርኩ። ቢላው ነክሶ ከእጄ ነጠቀኝ፤ እንጨቱ ግድግዳው ላይ ሄዶ ተሰነጠቀ።  

ምክንያቱ ገብቶኛል። መደገፊያው ብረት የለም። ከቢላው አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚተከል አጭር ብረት ነበር። ቀጥ ያለ እንጨት ከቢላው ኋላ የቆመውን ሰሌዳ ተደግፎ ይሄዳል። የታጠፈው ግን መጀመሪያ ብረቱን ተደግፎ ነው ቀስ እያለ ወደ ቢላው የሚጠጋው፣ ከቢላው ዙር በተቃራኒ። የታጠፈ እንጨት ያለ ወዳጅ አይገባም፣ ይለኝ ነበር ፈይሳ።

ብረቱን የወሰዱት ዘመዶቹ ናቸው። በተቀበረ ማግስት መጥተው ነቀሉት፤ ደሙ ነክቶታል። ደም የጠጣ ብረት ከሰው መሃል አይቀመጥም፣ ወንዝ ይጣል አሉ ሽማግሌዎቹ። መፍቻውን ያቀበላቸው ጋሽ ሸምሱ ራሱ ነው።

ጥቅምት 8
ጋሽ ሸምሱ ተቆጣ። በርትተህ ያዘው ይለኛል! ማሽን በጉልበት የሚያዝ መስሎታል።

ቀጥቃጩ ዘንድ ሄድኩ፣ ሌላ ብረት እንዲሠራልኝ። ለየትኛው ማሽን እንደሆነ ሲሰማ እጁን ሰበሰበ። ደግሞ ብረቱ ወንዝ አልደረሰም አለኝ፤ የፈይሳ ሚስት ከዘመዶቹ እጅ ወስዳዋለች።

ስመለስ ባርኔጣው ሰው መስሎኝ አካም ኦልቴ፣ እንደምን ዋልክ፣ ልለው ነበር። በቀን፣ በብርሃን። ምን እየሆንኩ ነው?

ጥቅምት 10፣ ከሰዓት በኋላ
አዴ ጫልቱ ቤት ሄድኩ። የፈይሳ ሚስት። ታኢ አለችኝ፣ ተቀመጥኩ። እርጎ ሰጠችኝ። ብረቱን ስጠይቃት ፊቷ ጠቆረ።

"ደግሞ የማንን ቤት ልታጠፉበት ነው፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ?"

ነገርኳት። ለካ እስከዛሬ ማንም አልነገራትም። የመታው ብረቱ አይደለም። ዋንዛው ውስጡ አንጓ ነበረው፤ ተሰንጥቆ ተወረወረና ጎኑን መታው። እሱም ብረቱ ላይ ወደቀ፤ ደሙ እዚያ ፈሰሰ። ብረቱማ ዕድሜውን ሙሉ እጁን ከቢላው ሲጠብቅለት የኖረ ነው።

 መልሳ የምታባርረኝ መሰለኝ።

"ሲገንዙት እጁን ይዤ ነበር" አለች። "ዐሥሩም ጣቱ ነበረ።"

ተነስታ ከአልጋው ስር በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ብረቱ። እንዳይዝግ ቅቤ ስትቀባው ከርማለች። እዚያው ፊቷ አለቀስኩ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም።

ጥቅምት 11፣ ጠዋት
ብረቱን ቦታው ተከልኩት። ቅቤው አሁንም ይሸታል። ሞተሩ ተነሳ፤ ዘንጉ ይዞራል። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም።

ዋንዛዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስኩ። ትልቁ፣ ጋሽ ሸምሱ የሚኮራበት፣ ከመሃሉ አንጓ አለው። ወዲያ ጣልኩት። ይጮኻል። ይጩህ። አኖ ይጠብቅ።

ባርኔጣውን ላወርደው እጄን ዘርግቼ ተውኩት። እዚያው ይሁን። ይየኝ።

አሁን ልጀምር ነው። ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ቆሜ። እንጨቱ መጀመሪያ ብረቱን ይደገፋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ቢላው ይጠጋል።